ጆሮ ፎቶ አይወጣም

ወንድሜ አናጢ ነው፤ ጆሮው አይሰማም። አምና አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የአካል ጉዳተኞችን አዲስ ሕግ የሚያስተዋውቅ ፖስተር ሊሠራ ፈልጎ ጠራው። እኔም እንደ ወትሮዬ ላስተረጉምለት ተከትዬው ሄድኩ።

ፎቶ አንሺው ወንድሜን ዞሮ ዞሮ አየውና፣ «እህቴ፣ የዚህ ሰው ጉዳት እኮ አይታይም» አለኝ።

«ጆሮው ነዋ! አውልቆ ያሳይህ?»

ተሽከርካሪ ወንበር አምጥተው አስቀመጡት። ፈገግ በል አሉት፤ ፈገግ አለ። ፖስተሩም በየግድግዳው ተለጠፈ።

ዛሬ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ እንዲመደብለት ልንጠይቅ እዚያው ቢሮ ሄድን። መቼም እኔ ዘላለም አልኖርለትም፤ እጄም ዝሏል። ጸሐፊዋ ከኋላዋ የተለጠፈውን ፖስተር ዞራ አየች፤ ከዚያ ወንድሜን ከእግር እስከ ራሱ ቃኘችው።

«በእግሩ መጣ እንዴ? ታዲያ ድኗላ! ተመስገን ነው።»

ሕጉን፣ ጆሮውን፣ ወንበሩን፣ የቱን ከየት ጀምሬ ላስረዳት? ደከመኝ።

ወንድሜ ትከሻዬን ነካ አደረገና በእጁ፣ «ምን አለች?» አለኝ።

«ድነሃል አለች።»

ቀና ብሎ ፖስተሩን አየ። ከዚያ በእጁ መለሰልኝ፦

«ወንበሩን ታምጣልኝ በያት፤ ልቀመጥና እንደገና ልታመም።»