አራት ቤት፣ አንድ ሞንታርቦ

«ጡሩምባህን ዝጋ ብዬሃለሁ!»

«ጡሩምባ አይደለም ጋሼ፣ ሞንታርቦ ነው።»

«ደሞ ልታስተምረኝ ነው? ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድቼ ጡረታ የወጣሁት ያንተን ‹ሀሎ አንድ ሁለት› ልሰማ ነው?»

ጎረቤታችን ነው፤ የአጥራችንን ቆርቆሮ በከዘራው ይነርተዋል። ያለነው የከተማው ጫፍ ላይ ነው። መንገዱ ላይ ሰው ያለበት ቤት አራት ብቻ፣ ሌላው ጅምር ፎቅና ሣር። ታክሲ እንኳን እዚህ ሳይደርስ ፈርቶ ይዞራል። መሀል ከተማ ማንም ልብ የማይለው ድምፅ እዚህ ፎቁን መትቶ ይመለሳል። የኔ ሥራ ደግሞ ሞንታርቦ መጠገን። እውነቱን ልናገር፣ ጓሮ አስቀምጬ አፉን ወደ ሰውዬው መስኮት ያዞርኩት አውቄ ነው።

ዛሬ ግን ቀልዱ አላማረኝም። ቤቱ የአክስቴ ነው፤ «አንድ ስሞታ ከተጨመረ ፍራሽህን ይዘህ ትወጣለህ» ብላ ምላለች። ሰውዬው ደግሞ ይህን ያውቃል።

«አክስትህን ጥራልኝ!»

«ተኝታለች።»

«በቀትር?»

«በሞቴ ጋሼ፣ ይኸው ማይኩም ሞቷል።» ወደ መንገዱ ወጥቼ ኮሌታዬ ላይ የሰካሁትን ገመድ አልባ ማይክ አሳየሁት። «አንዴ ይሠራል፣ አንዴ ይጠፋል። እሱን ስጠግን ነው የጮኸው።»

«ለሷ ንገራት።»

«እሷ ምን ይገባታል?» ብዬ ጠጋ አልኩት። «እኛ እንተዛዘን እንጂ። የሷ ጆሮ የሚሠራው ለሐሜት ነው። ቀኑን ሙሉ እንቅልፍ! ስታንኮራፋ ደሞ የርስዎ አውቶቡስ እንኳን እንደሷ አያጓራም…»

«አያጓራም!» አለ ሞንታርቦው ከጓሮ።

«…ራም!» አለ ጅምሩ ፎቅ።

ከ«ስታንኮራፋ» ጀምሮ ማይኩ ነፍስ ዘርቶ ኖሯል። ምላሴ ሮጣ ቀደመችኝ። ሰውዬው ከዘራውን ተደግፎ ጥርሱን አሳየኝ፤ ስሞታ ማቅረብም አላስፈለገው።

በሩ ተበረገደ። አክስቴ ፍራሼን እየጎተተች ወጥታ መንገዱ ላይ ጣለችው።

«አክስቴ፣ ቀልዴን እኮ ነው!»

«ቀልድህን እዚያው ተኝተህበት ጨርስ።»

«እሺ፣ ሞንታርቦዬን ላውጣ!» ብዬ ወደ ጓሮ ልሮጥ ስል ደረቴን ገፍታ መለሰችኝ።

«ሞንታርቦው ይቀመጥ። እሱ ሲያጠፉት ዝም ይላል።»