የሹፌሩ ቀኝ እግር

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የባዮሎጂ መምህርቷ ስለ ዘር ውርስ ማስተማር የምትጀምረው ሁልጊዜ በሳቅ ነበር። ሰሌዳው ላይ «ዘር ከልጓም ይስባል» ብላ ትጽፍና ከሥሩ «አባቱ ዳኛ፣ ልጁ ቀማኛ» የሚለውን ትጨምርበታለች። «በሉ እስቲ፣ የትኛው ተረት ነው ልክ?» ስትል ክፍሉ ይንጫጫል። አባታቸው ራሰ በራ የሆነባቸው ልጆች ፀጉራቸውን በስጋት ይዳብሳሉ። በዚያ ዓመት ግን ሳቁ ብዙ አልቆየም።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ጥያቄ ይዛላቸው ገባች። አንድ ሐኪም ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ፣ መድኃኒት ያልተገኘለት በሽታ በአንድ ሰው ላይ አገኘ እንበል። ሰውየው «ለማንም እንዳትናገር» ብሎ አስጠነቀቀው። ሐኪሙ ዝም ይበል ወይስ ለልጆቹ ይንገር?

ከፊት የምትቀመጠው ልጅ ከሁሉም ቀድማ ተነሳች። በክርክር የሚረታት ስለሌለ በትምህርት ቤቱ ሁሉም «ጠበቃዋ» ነው የሚላት። አባቷ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ጠዋት ጠዋት የሚመጡት እሱ በሚነዳው አውቶቡስ ነው።

«ገመና የባለቤቱ ነው» አለች። «ሐኪም ያየውን ሁሉ የሚያወራ ከሆነ ማን ልብሱን አውልቆ ይታይለታል?»

ከኋላ ራዲዮ ብድግ አለ። ራዲዮ ያሉት አንዴ ከተከፈተ የሚዘጋው ስለማይገኝ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም!»

«መድኃኒት የለውም ተባለ እኮ! ጥያቄውን ሳትሰማ ነው እንዴ ስርጭት የጀመርከው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ራዲዮ ግን አልተበገረም። «እሺ፣ ሰውየው ራሱ ቀዶ ጥገና የሚሠራ ሐኪም ቢሆንስ? እጁ እየተንቀጠቀጠ የሰው ሆድ ቢከፍትስ?»

«ሰው ራሱን ያውቃል። እንደማይችል ሲገባው ራሱ ይተወዋል» ብላ ተቀመጠች። መምህርቷ «ጎበዝ!» አለቻት። ከልቧ ነበር።

ቀጥላ የዘር ሐረግ አሳሳል አስተማረቻቸው። ወንዱ በአራት ማዕዘን፣ ሴቷ በክብ ይሳላሉ፤ በሽታው ያለበት ውስጡ ይሞላል፣ ጤነኛው ባዶውን ይተዋል። «ከየቤታችሁ አንድ ነገር መርጣችሁ፣ ዘመድ እየጠየቃችሁ ሳሉ። ግራኝነት ይሁን፣ ቶሎ መሸበት ይሁን፣ የፈለጋችሁትን» አለቻቸው። ይህን የቤት ሥራ ስትሰጥ ዓመታት ቆጥራለች፤ ምንም ክፉ ነገር አምጥቶባት አያውቅም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሌሎቹ ሲወጡ ጠበቃዋ ቤተ ሙከራው ውስጥ ቀረች። «ቲቸር፣ ሰሌዳ ላይ አንድ ነገር ላሳይዎት?» አለችና ጠመኔ አነሳች።

አያቷን ሳለችና ሞላችው። ከአያቷ ሥር አክስቷን ሳለችና ሞላቻት። ከአክስቷ ጎን አባቷን ሳለች፤ እሱን ባዶውን ተወችው።

«አያቴን አልደረስኩበትም። ሊሞት ሲል እጅና እግሩ አልረጋ ብሎ ከአልጋው ይወድቅ ነበር አሉ። አክስቴን ግን አስታውሳታለሁ። ስትሄድ ስለምትንገዳገድ ሰው ሁሉ ሰካራም ይላት ነበር፤ እሷ መጠጥ በአፏ ዞሮ አያውቅም። በመጨረሻ እኛንም ረሳችን።»

«አባትሽስ?» አለች መምህርቷ። ቃሉ ከአፏ ሳይወጣ ነበር የቆጫት።

«አባዬ ደህና ነው።» ልጅቷ ቶሎ ነበር የመለሰችው። ከዚያ ድምጿ ወረደ። «ዕቃ ከእጁ እየወደቀ ያስቸግረዋል። ድሮ ቁጣ አያውቅም፤ አሁን በትንሽ በትልቁ ይጮህብናል። ተቀምጦ ቴሌቪዥን ሲያይ ቀኝ እግሩ ለብቻው ብድግ ይላል። እማዬ ድካም ነው ትላለች።»

መምህርቷ እጅና እግርን ያለፈቃድ ስለሚያወራጨውና ውሎ አድሮ አእምሮን ስለሚጎዳው የሀንቲንግተን በሽታ ያስተማረቻቸው በቀደመው ሳምንት ነበር። አንደኛው ወላጅ ካለበት እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ እንደሆነ፣ ብዙ ጊዜም የሚጀምረው ሰው ትዳር ይዞ፣ ወልዶ ከብዶ ከተቀመጠ በኋላ እንደሆነ ነግራቸዋለች። ልጅቷ አንዱንም አልረሳችም።

«እኔ ሐኪም አይደለሁም። በሰሌዳ በሽታ አይመረመርም፤ ሌላም ነገር ሊሆን ይችላል» አለቻት።

«ግን እሱ መስሎዎታል አይደል?»

መዋሸት አልሆነላትም። «አዎ፣ መስሎኛል። አባትሽ አሁንም እየነዳ ነው?»

«ሌላ ምን ይሥራ?» አለች ልጅቷ፤ ወዲያው ግን ምን እንደተናገረች ገባት። ማጥፊያውን አንስታ ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር ጠረገችው። «ቲቸር፣ ለማንም አይናገሩም። ቃል ይግቡልኝ። ገመና የባለቤቱ ነው ስል ‹ጎበዝ› ብለውኛል እኮ!»

«ቃል ልገባልሽ አልችልም።»

ልጅቷ እጇ ላይ የቀረውን ጠመኔ ጠረጴዛው ላይ ወርውራ ወጣች።

በማግስቱ መምህርቷ ወትሮ በእግሯ የምትመጣውን መንገድ በአውቶቡስ መጣች፤ ከሹፌሩ ጀርባ ተቀመጠች። ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ሸሚዙን አሳምሮ የተኮሰ ሰው ነው፤ የሚሳፈረውን ሁሉ በሰላምታ ይቀበላል። መብራት ላይ ሲቆሙ ቀኝ ጉልበቱ በገመድ እንደተሳበ ሽቅብ ዘለለ። በእጁ ተጭኖ መለሰው። ሲነሱ አውቶቡሱ ተንገጫገጨ፤ ቆመው የነበሩት ተማሪዎች እርስ በርሳቸው ተላተሙ።

«ምነው ሹፌር፣ ጆንያ የጫንክ መሰለህ እንዴ?» አሉ አንዲት አሮጊት።

«ጆንያማ መቼ ይናገራል፣ እማማ!» አለ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱም ሳቀ፤ መምህርቷ በመስተዋቱ ስታየው ግን እንደ ማሽላ እያረረ ነበር የሚስቀው።

የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ሰው ሁሉ እስኪወርድ ጠብቃ የልጁ አስተማሪ መሆኗን ነገረችው። ፊቱ በራ። «ኧረ መምህርት! ስለ እርስዎ አውርታ አትጠግብም። ምነው፣ አጠፋች?»

«የለም። የመጣሁት ለእርስዎ ነው። እግርዎን ሐኪም አይቶታል?»

«እግሬ ምን ሆነ?»

«ስንመጣ አይቼዋለሁ። እህትዎም አባትዎም...»

«ማን ነገረሽ?» አላት። «እርስዎ» ማለቱ እዚያ ላይ ቀረ። «ልጄን የላክኋት እንድትማር ነው እንጂ የዘር ማንዘሬን ጉድ ሰሌዳ ላይ እንድታሰጪባት ነው እንዴ?»

«ይመርመሩ። ምን እንደሆነ እስኪታወቅ ብቻ አይንዱ። ለመሥሪያ ቤትዎ ራስዎ ይንገሩ፤ ካልነገሩ እኔ መናገሬ አይቀርም።»

«እስቲ ሞክሪያት!» ብሎ በሩን ዘጋባት።

ጠበቃዋ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ቀረች። መምህርቷ ነገሩን ስታወጣ ስታወርድ ሰነበተች። ብትሳሳትስ? የሰውየውን እንጀራ በግምት ልትዘጋ ነው። ባትሳሳትና ዝም ብትልስ? በዚያ አውቶቡስ ተፋፍገው የሚመጡት የራሷ ልጆች ናቸው። ያንን ጥያቄ ክፍል ውስጥ ስትጠይቅ እንዴት ቀሏት ነበር!

ሰኞ ጠዋት የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማ ጠበቀች። አውቶቡሱ ሲደርስ መሪውን የያዘው እሱው ነበር። መጨረሻ የወረደው ራዲዮ ግንባሩን እያሸ «ቲቸር፣ ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ ብረቱ ሳመኝ!» ብሎ ሳቀ። ግንባሩ አብጧል። የዕረፍት ደወል እንደተደወለ ወደ አውቶቡሶቹ ስምሪት ክፍል ሄደች።

የስምሪት ኃላፊው ከወረቀቱ ቀና ብሎ አያት። «በሽታው ምንድን ነው?»

«እሱን ሐኪም ይንገራችሁ። እኔ የምላችሁ ሳይመረመር እንዳይነዳ ነው።»

«ዘመዱ ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ምን አገባሽ?»

«ተማሪዎቼ ይሳፈሩበታል።»

በዚያው ቀን የአውቶቡሱን ቁልፍ ተቀበሉት። ሆስፒታል ተላከ፤ ደሙ ተመረመረ፤ የተፈራው ሆነ። መሥሪያ ቤቱ ወደ መለዋወጫ መጋዘን አዛወረው።

ጠበቃዋ ተመልሳ ስትመጣ ከኋላ ወንበር ተቀመጠች። የተጠየቀችውን ትመልሳለች፤ እጇን ግን አታወጣም። ራዲዮ አንድ ቀን «ጠበቃዋ ችሎት ዘጋች!» ብሎ ሊያስቃት ሲሞክር እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ልጁ ደንግጦ ብዙ ቀን ድምፁ ሳይሰማ ቆየ። መምህርቷ ሁለት ጊዜ ልታነጋግራት ሞክራ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ «ክፍል አለኝ» ብላት ሄደች።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ሹፌሩ ራሱ መጣ። የመጋዘን ቱታ ለብሷል፤ የመምህራን ክፍል ኮሪደር ላይ ግድግዳውን ተደግፎ ጠበቃት። ቁጣው ሁሉ የወጣለት ይመስላል።

«ከመናገርሽ በፊት ባለው ሳምንት፣ መታጠፊያው ላይ እግሬ ከፍሬኑ አመለጠኝ» አላት። «አንዲት ሴት ልጇን አዝላ ትሻገር ነበር። በእጅ ፍሬን ነው ያስቀረሁት። ሴትዮዋ ዞር ብላ እንኳ አላየችኝም። ይሄን ለሚስቴም አልነገርኩ።»

«ታዲያ ለምን...» አለች መምህርቷ።

«ልተወው ነበር። ዛሬ ነገ ስል አንቺ ቀደምሽኝ። ልጆቼ ‹አባታችን ራሱ ተወው› እንዲሉ ነበር የምፈልገው። አሁን የሚሉት ‹ከመሪው አወረዱት› ነው።»

«መቼ ይተዉት ነበር?»

የሰውየው አገጭ ያለፈቃዱ ወደ ጎን ዞረ፤ መለሰው።

«እንጃ» አለ። «እሱን እኔም አላውቀው።»

ሌላ ሳይናገር ሄደ። ልውቀሳት ብሎ ይሁን ሊያመሰግናት፣ ምን ፈልጎ እንደመጣ መምህርቷ አልገባትም።

የመጨረሻው ፈተና ባለቀ ማግስት ጠበቃዋ ቤተ ሙከራው በር ላይ ቆመች። «አሥራ ስምንት ሞልቶኛል። ሆስፒታል ‹ከፈለግሽ ልትመረመሪ ትችያለሽ› ብለውኛል። መጀመሪያ ግን አማካሪ ያነጋግረኛል። አብረውኝ ይሂዱ።»

«እኔ?»

«ይቅር ብዬዎት አይደለም። እማዬ ሆስፒታል ደጃፍ ስትደርስ ታለቅሳለች፤ አባዬን ደግሞ ለዚህ ይዤው አልሄድም። እርስዎ ቢያንስ አያለቅሱም።»

የሆስፒታሉ አግዳሚ ወንበር ጠባብ ነበር፤ ትከሻ ለትከሻ ተነካክተው ተቀመጡ። ልጅቷ ስትጠራ ብቻዋን ገባች። አታለቅስም የተባለችው መምህርት በሩ እንደተዘጋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ሰው እንዳያያት እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

ልጅቷ ስትወጣ ክንዷ ላይ የመርፌ ፋሻ የለም።

«ደም አልሰጠሁም።»

መምህርቷ «ደግ አደረግሽ» ልትል ነበር፤ ተወችው። ብትሰጥም ደግ አደረግሽ ልትላት ነበርና።

«እርስዎ ቢሆኑ ይመረመሩ ነበር?»

«አላውቅም። አፌ የሚፈታው የሌላ ሰው ነገር ሲሆን ነው።»

ጠበቃዋ ከተቀያየሙ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት። «ታናሽ ወንድሜ ‹ያንቺ ከታወቀ የኔም ይታወቃል› ይለኛል። የየራሳችን ነው፣ የኔ መዳን አንተን አያድንም፣ የኔ መታመምም አንተን አያሳምምም ብዬ ብነግረው አልገባ አለው። ገና ልጅ ነው።»

«ላስረዳው? ቤት መጥቼ...»

«አይ፣ ተዉት። እርስዎ አይንገሩት» አለች ፈጥና። ቀጥሎ ድምጿን አለሳለሰች። «ከእኔ ይስማው።»

ከግቢው አብረው ወጡ። በሩ ላይ ልጅቷ «ደህና ይዋሉ» አለቻትና መንገዱን ተሻግራ ብቻዋን ወደ ቤቷ አቀናች። መምህርቷ ልትጠራት አፏን ከፈተች፤ ምን ብላ እንደምትጠራት፣ ጠርታስ ምን እንደምትላት ጨነቃት። ልጅቷ ከሰው መሐል እስክትሰወር ድረስ እዚያው ቆማ አየቻት።