የእንግዳው ጣሳ

ሴትዮዋ ከበርሜሉ ካወጣችው የፍየል ቆዳ ላይ፣ ከወፍራሙ ከአንገቱ በኩል፣ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ቆረጠች። ወረቀት ላይ አስቀምጣ ዙሪያዋን በእርሳስ ሣለችና የፈላ ውሃ ውስጥ ጣለቻት።

"ሦስት ደቂቃ!" አለ የቆዳ ማልፊያው አለቃ ሰዓቱን እያየ። "ከተኮማተረች ክሮሙ አልያዛትም ማለት ነው። በርሜሉን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ፤ ተነጋግረናል።"

"ተነጋግረናል፣ ጋሼ።"

ነገሩ የመጣው ከባሏ ጣሳ ነው። ባሏ ከሦስት ወር በፊት እስኪሞት ድረስ በዚህ በርሜል ቆዳ ሲያለፋ የኖረ ሰው ነበር። ቆዳውን የሚያለፋውን የክሮም ዱቄት በሚዛን ይለካና አንድ ጣሳ ሞልቶ እላዩ ላይ ይጨምራል። "ይቺ ደግሞ ለእንግዳ!" ይላል። ቤቱም እንደዚያው ነበር፤ ለሁለት ሰው ሲሠራ ለአራት ነው። ቆዳ ግን አንዴ ከጠገበ ጠገበ ነው። የተረፈው አረንጓዴ ክሮም በቦዩ ወርዶ በገዛ ጓሯቸው ያልፋል።

"እንግዳህ መጥቶ ነበር" ትለዋለች። "የዶሮዎቼን እግር አረንጓዴ ቀብቶ ሄደ።"

እሱ እስኪያስለው ይስቃል፤ በማግስቱም ያችኑ ጣሳ ይጨምራል።

በርሜሉ ለእሷ ሲሰጣት አለቃውን ለምና በራሷ መንገድ የምትሞክረው አንድ ዙር አስፈቀደች። ክሮም የተረፈበትን ያገለገለ ውሃ መድፋት ትታ በጨርቅ አጠለለችው፤ መልሳም በርሜሉ ውስጥ ጨመረችው። ከአዲሱ ክሮም ሲሶውን ቀነሰች።

"ያቺን የእንግዳ ጣሳ በድብቅ አልጨመርሽም?" አለ አለቃው።

"እጄ ሄዶ ነበር፤ መለስኩት።"

"እትዬ፣ ጨው ጣል አድርጊበት እንጂ!" አለ ከወዲያ ቆዳ የሚፍቀው ሰውዬ።

"አንተን ነው የምጨምርህ!"

ደቂቃው ሞላ። ቁራጯን በመቆንጠጫ አወጣችና ወረቀቱ ላይ ዘረጋቻት። ቁራጯ በእርሳሱ መስመር ላይ ልክክ አለች።

አለቃው ጎንበስ ብሎ አየ። መነጽሩን ጠርጎ ደግሞ አየ።

"በዚሁ ቀጥይ" አለ። "ባልሽ ይህን ቢያይ ምን ይል ነበር?"

"'እንግዳዬን አባረርሽብኝ' ነዋ!"

ለቀጣዩ ዙር ዱቄቱን በሚዛን ለካች። ከዚያ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን የባሏን ጣሳ አወረደች። አለቃው ፊቱን ቋጠረ። እሷ ግን የክሮሙን ጆንያ አልፋ ሄደች፤ ከተጠለለው አሮጌ ውሃ አንድ ጣሳ ሞልታ ቀዳችና በርሜሉ ውስጥ ገለበጠችው።

"ይቺ ደግሞ ለእንግዳ" አለች። "ቤት ያፈራውን ይቅመስ።"