ለታናሿ ኬሞ፣ ለታላቋ ክኒን

ፒልሱን መጠርጠር የጀመረችው ሐኪሙ ፈገግ ያለላት ቀን ነው።

ከጡቷ ዕጢ ያወጡበት የቀዶ ጥገና ቁስል ደርቆ ነበር። ጂንጁ ባለው ትልቁ ሆስፒታል ዶክተር ናምጉንግ ወንበሩን ወደ እሷ አዞረና «እናቴ፣ እርስዎ ኬሞ አያስፈልግዎትም። ለጥቂት ሳምንታት ጨረር ይወስዳሉ፣ ከዚያ በቀን አንዲት ክኒን ብቻ» አላት። ልጇ ጊህዋን ከጎኗ ቆሞ ወገቡ እስኪሰበር እጅ ነሣ። እሷ ግን ደስ አላላትም። ታናሽ እህቷ ኤራን በዚያው መኸር፣ በዚያው ሆስፒታል፣ በዚሁ በጡት ካንሰር ታማለች። ኬሞም ጀምራለች። የኤራን ዕጢ ደግሞ ከእሷ ያነሰ ነው።

«ዕጢዬ ትልቅ፣ ዕድሜዬ ትልቅ» አለች ፒልሱን በልቧ። «ታዲያ በትንሿ ላይ መዓቱን ሲያወርዱባት ለኔ እንደ ራስ ምታት አንዲት ክኒን?»

ይህንኑ በማግስቱ ለቹንጃ ነገረቻት። ፒልሱንና ቹንጃ ቶንግዮንግ ወደብ አጠገብ ባለው የዛጎል ቤት ጎን ለጎን የሚቆሙ፣ በአጭር ቢላ ዛጎል እየፈለቀቁ በውስጡ ያለውን የሚበላ የባሕር ሥጋ የሚያወጡ ሴቶች ናቸው። ቹንጃ ቢላዋን አቆመች።

«አንዲት ክኒን? ወይ ጉድ! የባሌን አክስት እኮ እንዲሁ ነው ያሏት። የፈለጉትን ይብሉ፣ ይቺን ይዋጡ ብለው ሸኟት። ገብሱ ሳያሸት ቀበርናት።»

«የሷ በሽታ ምን ነበር?»

«ጉበት መሰለኝ። በሽታው ምን ያደርጋል? ሐኪም የሚታገለው ለሚድን ሰው ነው።»

«አንቺ ሟርተኛ! አፍሽን ዝጊ» አለቻት ፒልሱን። ነገሩ ግን ልቧ ውስጥ ገብቶ ቀረ።

ያለ ምክንያትም አልነበረም። ባሏ በጨጓራ ካንሰር የሞተ ጊዜ፣ በሽታውን ከእሱ የደበቀችው ራሷ ፒልሱን ነበረች። «ቁስለት ነው፣ ያልፋል» ብላ፣ የበሬ ሥጋ እየገዛች፣ ከወትሮው ይልቅ ጮክ ብላ እየሳቀች ሸኘችው። ሰውዬው እስከ መጨረሻው ስለ ጀልባው ቀለም ሲያወራ ነበር። ስለዚህ ደባቂ ቤተሰብ ምን እንደሚመስል ከማንም በላይ ታውቃለች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እሷ መመንጠር አልፈለገችም።

ምልክቱ ደግሞ ሞልቷል። ቻንግዎን የሚሠራው ጊህዋን፣ ድሮ በወር አንዴ ቢመጣ ትልቅ ነገር የነበረው ልጅ፣ አሁን በየሳምንቱ ይመጣል። የበሬ ሥጋ ያመጣል። ከአክስቱ ከኤራን ጋር በስልክ ሲያወራ ወደ ግቢ ይወጣል፤ እናቱን ሲያይ ድምፁን ይለውጣል። ፒልሱን ልትፈትነው ፈለገች።

«የኪምቺ ማቀዝቀዣዬ አርጅቷል» አለችው አንድ ቀን፣ በቅመም የኮመጠጠ ጎመን የምታስቀምጥበትን እያሳየችው። «አዲስ ልግዛ ወይስ ይቅር?»

«ግዢ እማ! ምን ጥያቄ አለው?»

«እኔ እንጃ። አሥር ዓመት ይሠራል ይላሉ። ለኔ አሥር ዓመት ምን ያደርግልኛል?»

«እማዬ ደግሞ! ምን ማለትሽ ነው?» አለና ሊቀጥል ሲል ስልኩ ጮኸ። ዓይኑን ጣል አደረገበት፤ ፊቱ ጠቆረ። የደወለችው ኤራን ነበረች። ወደ ግቢ ወጣ።

ጨረሩን ጨርሳ ክኒኗን የጀመረችው ፒልሱን ከዚያ ቀን ጀምሮ መዋጧን ተወች። ክኒኗ ጣቶቿን ታደርቅባት ነበር፤ ጠዋት ጠዋት እጇ ቢላ አልጨብጥ ይላታል። «ለማታለያ የሰጡኝን መድኃኒት ውጬ ጣቴንም ልጣ?» አለች። ጊህዋን ባዶውን ማሸጊያ ስለሚያይ በየቀኑ አንዲቱን ፈልቅቃ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ትደፋታለች።

የጨረቃ አዲስ ዓመት ደረሰ። ኤራን ራሷን በሱፍ ቆብ ሸፍና፣ ፊቷ አመድ መስሎ መጣች። ፒልሱን ጥሬውን የባሕር ሥጋ በሳህን ብታቀርብላት «ኬሞ ላይ ላለ ጥሬ አይፈቀድም» ብላ ገፋችው። ያን ያህል ሲጠነቀቁላት አየሽ፣ አለች ፒልሱን ለራሷ፤ እኔን ግን ማንም ምንም አልከለከለኝም።

ሾርባውን ልታሞቅ ስትሄድ ከጓዳው መጋረጃ ወዲያ የኤራንንና የጊህዋንን ሹክሹክታ ሰማች።

«እስከ መቼ ነው የምንደብቃት፣ አክስቴ?» ይላል ጊህዋን።

«እስከ ጸደይ። ከዚያ የሚሆነው ይሁን። አሁን ከነገርካት ዓይኔን አታይም።»

ጸደይ! ስለዚህ ጊዜም ተቆርጦላታል። ሾርባውን አቀረበች፣ የሩዝ ቂጣውን ጨመረችላቸው፣ እንዲያውም ቀለደች።

በዓሉ እንዳለፈ ለማንም ሳትነግር አውቶቡስ ተሳፍራ ጂንጁ ሄደች። መንገዱን ሙሉ የምትናገረውን ውሸት ስታጠና ነበር። ሐኪሙ ፊት ስትቀመጥ እንዲህ አለችው።

«ልጄ ሁሉንም ነግሮኛል። እንግዲህ እርስዎም አይድከሙ፤ እውነቱን ይንገሩኝ።»

«ምን ነገረዎት?»

«እንደምሞት። በጸደይ።»

ዶክተር ናምጉንግ ፈገግ ሊል ሲል ፒልሱን ጠረጴዛውን በመዳፏ መታች። «እንዳይስቁ! እርስዎ ሲስቁ ነው የጠረጠርኩት። እህቴ ትንሽ ዕጢ ይዛ በኬሞ ትቃጠላለች፤ እኔ ትልቁን ተሸክሜ ክኒን! ተስፋ ስለቆረጣችሁብኝ ካልሆነ ምንድን ነው?»

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ፤ ፊቱም ኮስተር አለ።

«የጡት ካንሰር ስሙ አንድ ነው እንጂ ብዙ ዓይነት ነው፣ እናቴ። መጠኑ አንድ ነገር ነው፣ ፀባዩ ሌላ። ፀባዩን ከዕጢው የተወሰደውን ሥጋ መርምረን ነው የምናውቀው። የእርስዎ የሴት ሆርሞን እየበላ የሚያድግ፣ ቀርፋፋ ዓይነት ነው። ክኒኗ ምግቡን ትከለክለዋለች። ኬሞ የሚበረታው ቶሎ ቶሎ በሚራባው ላይ ነው። ለእርስዎ ብንሰጥዎ ጉዳቱ ብዙ፣ ጥቅሙ ኢምንት ነው። ተስፋማ እኛ ከምናያቸው መካከል የእርስዎ ጥሩው ነው።»

ፒልሱን ፊቱን ስትመረምር ቆየች። የሚሸሽ ዓይን ፈለገች፤ አላገኘችም።

«ሆርሞን የማይበላስ አለ?»

«አለ። ሆርሞንም የማይበላ፣ ሌሎቹ መድኃኒቶቻችን የሚጨብጡት እጀታም የሌለው። ትንሽ ሆኖም ሩጫው ፈጣን ነው። ቀዶ ጥገናውን አቆይተን በኬሞ የምንጀምረው ብዙውን ጊዜ እንደሱ ላለው ነው።»

«ኤራን…» አለች።

«ስለ ሌላ ታካሚ መናገር አልችልም።»

አልተናገረም፤ መናገርም አላስፈለገውም። የግቢው ስልክ፣ የጊህዋን ፊት መጥቆር፣ ያ ጸደይ፣ ሁሉም የሷ ሳይሆን የእህቷ ነበር። ይደበቅ የነበረ ነገር እንዳለ አልተሳሳተችም። የተሳሳተችው በባለቤቱ ላይ ነው።

«ክኒኑን በደንብ እየዋጡ ነው?» አላት ሐኪሙ።

ፒልሱን ጣቶቿን አሳየችው፤ ዕቃ ማጠቢያውንም ነገረችው።

«እናቴ፣ ከነገሩኝ ሁሉ የሚያስፈራኝ ይሄ ብቻ ነው» አለና ጣቷን የማያደርቅባት እንደሆነ ሊሞክሩት ሌላ ዓይነት ክኒን አዘዘላት።

ኤራን የምትኖረው አውቶቡሱ በሚያልፍበት በጎሶንግ ነው። ፒልሱን ሳታንኳኳ ገባች። ኤራን ከሥር በሚሞቀው ወለል ላይ ጋደም ብላ፣ ቆቧን አውልቃ፣ ራሷ እንደ ሕፃን ራስ ገላጣ ሆኖ አገኘቻት።

«እትዬ! ምነው ሳትደውዪ?»

«ክፉው ዓይነት ነው አይደል ያንቺው?»

ኤራን ቆቧን ፈለገች፤ እጇ አላገኘውም። «ጊህዋን ነው? ይሄ ወሬኛ!»

«ጊህዋን አፉን አልከፈተም። ለምን ደበቅሽኝ?»

«እናታችን ስትሞት በጀርባሽ አዝለሽ ነው ያሳደግሽኝ። ብታውቂ የራስሽን ሕክምና ጥለሽ እዚህ መጥተሽ የመድኃኒት ሥር ስትቀቅዪልኝ ትውዪ ነበር። መድኃኒትሽን እንዳትተዪ ብዬ ነው፤ በጸደይ ኬሞዬን ጨርሼ ቀዶ ጥገና ሲደረግልኝ ልነግርሽ ነበር።»

«እሱንማ ትቼዋለሁ።»

«ምን አልሽ?»

«የምሞት መስሎኝ ተውኩት። ስታንሾካሹኩ ሰምቼ።»

ኤራን ተነሥታ ተቀመጠች፤ ትራሱን አንሥታ እህቷን በሙሉ ኃይሏ መታቻት። የኬሞ ጉልበት ነውና ትራሱ ከፒልሱን ትከሻ ላይ ቀስ ብሎ ተንሸራተተ። «ደደብ! አንቺ አሮጊት ደደብ! መዳን የምትችይው አንቺ ነሽ እኮ!» እያለች አለቀሰች። ፒልሱንም አቅፋት አለቀሰች፤ ደግሞም ሰደበቻት።

ከዚያ ወዲህ መደበቅ ቀረ። ፒልሱን ከዛጎል ቤቱ እያስፈቀደች በየኬሞው አብራት ተቀመጠች። ኤራን በጸደይ መጨረሻ ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ውጤቱን ሊሰሙ ሁለቱም ገቡ፤ ፒልሱን ሐኪሙ ሁለቴ እንዲደግመው አስገደደችው። ከወጣው ሥጋ ውስጥ በሕይወት ያለ የካንሰር ሴል አልተገኘም። ኬሞው ጨርሶታል።

«ፈጣኑ ዓይነት ከተመለሰ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው» አላቸው ዶክተር ናምጉንግ። «እነሱን በሰላም ካለፉ ፍርሃቱ እየቀለለ ይሄዳል። ቀርፋፋው ግን ትዕግሥተኛ ነው፤ ከብዙ ዓመት በኋላም ሊነቃ ይችላል። ስለዚህ እርስዎ፣ ታላቂቱ፣ እንዳይዘናጉ።»

ኤራን እነዚያን ዓመታት በሰላም አለፈች። ጸጉሯ ተጠቅልሎ በቀለ። የልቧ ፍርሃት ሲወጣላት ግን የእህቷ ጥርጣሬ ወደ እሷ ተሻገረ። አንድ የኪምቺ ሰሞን በፒልሱን ግቢ ጎመን ጨው ሲነሰንሱ፣ ፒልሱን ወገቧን ይዛ ቀና ስትል አየቻት።

«ወገብሽን ምን ሆንሽ?»

«ጎመን ተሸክሜ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ኧረ ተይኝ፣ ጎመን ነው አልኩሽ!»

«በሽታው አጥንት ውስጥ ሊገባ ይችላል ብሏል ሐኪሙ። ነገ ጂንጁ እንሄዳለን።»

ሄዱ። ፒልሱን በመሣሪያው ውስጥ ጋደም ብላ የአጥንት ምስል እየተነሣች ሳለ ኤራን ኮሪደሩ ላይ ጥፍሯን ስትበላ ቆየች። ምስሉ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ሕመሙ የጎመኑ ሸክም ነበር። ኤራን ግን ወደ አውቶቡሱ ከመሄዳቸው በፊት ምስሉን ያነሣችውን ባለሙያ አቁማ «እርግጠኛ ነሽ? ደግመሽ አይተሽዋል?» ስትል፣ ፒልሱን ክንዷን ይዛ እየጎተተች «ነይ እንጂ፣ ጨው የነሰነስነው ጎመን ይበላሽብናል» ትላት ነበር።