ነገረ ፍራሽ ቁጥር ፬፻፲፯

አስተዋይና ልበ ብሩህ አንባቢ ሆይ፤ በቆምኩባት መሬትና በአባቴ ዐፅም እምልልሃለሁ፣ ይህን የምነግርህን አታምነኝም፤ ብታምነኝማ እኔው ራሴ እታዘብሃለሁ። ሰው ከአፈር ተፈጥሮ ወደ አፈር እንደሚመለስ ሊቃውንቱ ሁሉ ይስማሙበታል፤ ነገር ግን በመካከሉ፣ ከልደት ወዲያ ከሞት ወዲህ፣ ወረቀት የሚባል ቀጭንና ጨካኝ፣ ገጸ ነጭና ልበ ጥቁር ጌታ እንደ ተሾመበት የሚያስተውል ጥቂት ነው። የጥንት ሰው ቃሉ መሐላው፣ መሐላውም ማኅተሙ ነበረ፤ የዛሬ ሰው ግን በእግሩ ቆሞ፣ በአፉ እየተናገረ፣ በዓይኑ እያነባ «አለሁ» ቢል፣ ወረቀቱ «የለም» ካለ የሚታመነው ወረቀቱ ነው። እኔ የትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጥኩ፣ ንባብንም ከደብራችን ቅጥር ሥር ከደብተራዎች አፍ ሲንጠባጠብ እንደ ዶሮ የለቀምኩ የአገር ቀልደኛ ነኝ፤ ሙያዬም ሰርገኛን ማሳቅ፣ ለቀስተኛን ማጽናናት ነው። ዛሬ ግን የማጫውትህ ጨዋታ ጥርስ የሚያስገልጥ ቢመስልም ውስጡ እንደ ኮሶ የመረረ፣ እኔንም ከነቀልዴ ያንጨረጨረ ነውና፣ ስትስቅ ቀስ ብለህ ሳቅ።

አገራችን ሰንበሌጥ ገደል ከስሟ እንደምትረዳው በአፋፍ ላይ የተንጠለጠለች፣ ነፋስ ሲበረታ ዶሮዎቿን በገመድ የምታስር፣ መኪና ያላየች ሳትሆን መኪና አይቷት የሸሻት ምድር ናት። ጤና ኬላም አላት፤ በሩ አረንጓዴ፣ ቆርቆሮው አብረቅራቂ፣ መስኮቱም ባለ መስተዋት፤ የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በውስጡ ሰው የለም። ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ ተጭና አምስት ሰዓት ቁልቁለት ትወርዳለች፤ ባለፈው ክረምት ብቻ ሁለት እናቶች እያቃሰቱ ወርደው በነጠላ ተሸፍነው ወጡ። በዚህ ነገር ላይ አላጋንንም፤ ቀልደኛም ቢሆን የማይነካው አለው። ስለዚህ የእትዬ ደብሬ ልጅ አንጓች፣ ያቺ ዝምተኛና ብልህ፣ ቀጭንና ጠንካራ ልጃችን፣ ፈተናዋን አልፋ ወደ ታላቁ ዩኒቨርሲቲ በተመደበች፣ በዚያም አዋላጅነትን በመረጠች ጊዜ፣ አገሩ ያሰማው እልልታ ሦስት ወረዳ ማዶ ያለ ጅብ ከጉድጓዱ አስወጥቶ ይቅርታ አስጠየቀው።

ስለዚያ ዩኒቨርሲቲ ምን ልበልህ? ስሙን አልጠራውም፤ ሕንፃው ሰማይ ጠቀስ፣ ሰልፉ ምድር አልብስ ነው። ጢም ሳያበቅል ለምሳ የተሰለፈ ወጣት የምግብ ካርዱን እስኪያሳይ ድረስ ጢሙ ይሸብታል። የካፌው ሽሮ ከመቅጠኑ የተነሣ ተማሪዎች ፊታቸውን አይተው ጠጉራቸውን ያበጥሩበታል፤ የዶርሙ ትኋን በዕድሜ ከመምህራኑ ሁሉ ይልቃል፤ ከፊሉም ሁለተኛ ዲግሪውን ይዟል ይባላል። በአንጓች የመግቢያ ቀን አራት ሺህ አዲስ ተማሪዎች ሻንጣቸውን ታቅፈው በንብረት ክፍሉ መስኮት ፊት ተሰለፉ፤ ከመስኮቱም ወዲያ የፍራሽና የአልጋ፣ የቁልፍና የወንበር ሹም አቶ ልሳነወርቅ ተቀምጦ ነበር፤ ድምፁ ለስላሳ፣ ሸሚዙ ንጹሕ፣ ልቡም እንደ ተቆለፈ መጋዘን የሆነ ሰው ነው። እርሱም የቤቱን ሥርዓት ዐወጀ፤ «በቅድሚያ ሁላችሁም ፈርሙ፤ ፍራሹን በኋላ ትቀበላላችሁ።» አንጓችም በስሟ ትይዩ፣ ፍራሽ ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሰባት በሚለው መስመር ላይ፣ በዚያ ባማረ እጇ ፈረመች። ተራዋ ደርሶ ወደ መጋዘኑ በር ስትደርስ ግን መጋዘኑ ባዶ፣ ወለሉም የተጠረገ ነበረ። «ነገ ነይ» አላት። በነጋው ሄደች፤ «ነገ» አላት። አንባቢ ሆይ፣ አራት ዓመት ሙሉ ነገ ነበረ! አራት ዓመት ሙሉ ያቺ ልጅ በብረት አልጋ ላይ ካርቶን አንጥፋ፣ በእናቷ ጋቢ ተጠቅልላ ተኛች፤ የአልጋው ሽቦ በጀርባዋ ላይ ከደብራችን ግድግዳ የበዛ ሐረግ ሣለባት። ቀን ቀን በሆስፒታሉ ልምምድ የሰው እናቶችን በለስላሳ ፍራሽ ላይ አጋድማ ታዋልዳለች፤ ሲመሽ ወደ ካርቶኗ ትመለሳለች።

አራተኛው ዓመት በተፈጸመ፣ ማዕረግም ባገኘች ጊዜ፣ ክሊራንስ የሚባል የመጨረሻው መከራ መጣ። ይህ ወረቀት ተመራቂው ከቤቱ ምንም ይዞ እንዳልወጣ አሥራ አራት ሹማምንት የሚፈርሙበት የስንብት ደብዳቤ ነው፤ ያለ እርሱ ዲግሪ አይሰጥም፤ ያለ ዲግሪውም የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት አይቀጥርም። ጽሕፈት ቤቱም አስቀድሞ ቁርጡን ተናግሯል፤ እስከ ሰኞ ወረቀቷን ይዛ ካልቀረበች፣ የሰንበሌጥ ገደል የአዋላጅ ቦታ ለሌላ ቀበሌ ይሰጣል፤ አረንጓዴው በርም እንደ ተዘጋ ይኖራል። አንጓች ሮጠች። የመጻሕፍት ሹሙ ፈረመ፤ የካፌው ፈረመ፤ የስፖርቱ ሹም ኳስ በእግሯ ነክታ የማታውቀዋን ልጅ ከላይ እስከ ታች መርምሮ ኳስ በጉያዋ አለመኖሩን ካረጋገጠ በኋላ ፈረመ። አሥራ ሦስቱ ተፈጸሙ። አሥራ አራተኛው አቶ ልሳነወርቅ ነበረ።

«ፍራሽ ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሰባትን መልሺ» አላት፣ ዓይኑን ከመዝገቡ ሳያነሣ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ አልተቀበልኩም። ነገ እያሉ አራት ዓመት መለሱኝ፤ አያስታውሱኝም?»

«ይህ ፊርማ የማን ነው?»

«የእኔ ነው፤ ግን…»

«እንግዲያው ተቀብለሻል፤ እኔ ብረሳ መዝገብ አይረሳም። ቀጣይ!»

አየህልኝ? ያልሰጣትን አምጪ አላት! ፀሐይን «ጨለማዬን መልሺ» የሚል ሰው ከዚህ በምን ይከፋል? ሌላ ፍራሽ ከገበያ ላምጣ ብትለው የዩኒቨርሲቲው ቁጥር የለውም አለ፤ ለአለቃው አመለከተች፣ አለቃው «የንብረት ክፍሉን ጠይቂ» ብሎ ወደዚያው መለሳት፤ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ዞራ ዞራ እዚያው መስኮት ሥር ወደቀች። ረቡዕ ዕለትም ስልክ ደውላ፣ እኔም ከአጠገባቸው ሆኜ ስሰማ፣ ለእናቷ ነገረች፤ ስትነግርም አላለቀሰች፤ በመጨረሻ «ፊርማ ከለከለኝ» ብቻ አለች። እትዬ ደብሬም ስልኩን ዘግተው ቃል ሳይናገሩ ወጡ፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮም አፋቸው እንደ ተሰፋ ሆነ።

አሁን ደግሞ የእኛን የአገሬውን ስሕተት ስማ፤ እኛ ብቻ የምንሳሳተው፣ ሌላ አገር ቢፈለግ የማይገኝ ስሕተት ነው። ነገሩን እኔ በሾላው ሥር ለሽማግሎች ባቀረብሁ ጊዜ፣ የሰማንያ ዓመቱ ሊቀ ሽማግሌ አባ ጥሩነህ ጢማቸውን ይዘው ጥቂት አሰቡና ፈረዱ፤ «ጤነኛ ሰው ያለ ቂም ፊርማ አይነሣም። ይህች ልጅ ሳታውቅ አስቀይማዋለች፤ ወይ አልፋው ሄዳ ሰላምታ ነፍጋዋለች፣ ወይ አባቱን ነክታበታለች። ድንጋይ ተሸክመን ይቅር በሉን እንበለው።» ሁላችንም «ልክ ነው» አልን። አንባቢ ሆይ፣ ሰንበሌጥ ገደል ነፍሰ ገዳይ ታውቃለች፣ ደመኛ ታውቃለች፣ ድንበር ገፊና ምቀኛም ታውቃለች፤ ያለ ቂም የሚበድል፣ ሳይቈጣ የሚያጠፋ፣ ሻዩን እየጠጣ ሰው የሚቀብር ሰው መኖሩን ግን አታውቅም ነበር። ስለዚህ አባ ጥሩነህ፣ ሁለት ሽማግሎች፣ እትዬ ደብሬና እኔ ገደሉን ወርደን መኪና ያዝን፤ እትዬ ደብሬም ከገዛ አልጋቸው ያነሡትን በጭድ የተሞላ ፍራሽ ጠቅልለው በጀርባቸው አዘሉ። ሹፌሩ «እማማ፣ ይህ ጣሪያ ላይ ይጫን» ቢላቸው በዓይናቸው ብቻ አዩት፤ ከዚያ በኋላ እስክንደርስ ድረስ መሪውን እንጂ ሌላ ነገር አላየም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ በንብረት ክፍሉ ደጅ ደረስን። ክሊራንስ የያዙ ተማሪዎች ሰልፍ ከመስኮቱ ተነሥቶ የካፌውን ማእዘን ዞሮ ይሄዳል፤ አንጓችም ከፊት፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ ወረቀቷን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። ሽማግሎቹ እያንዳንዳቸው ከአትክልቱ ዳር ድንጋይ አንሥተው በማጅራታቸው ተሸከሙና በመስኮቱ ፊት ተንበረከኩ። ከኋላ ያለው ተማሪ «ምን ሆነው ነው?» ሲል፣ ከፊት ያለው «እሽሽ» አለው፤ ስልኩን ለቀረጻ ያነሣውም አፍሮ መልሶ ኪሱ ከተተው።

«ጌታው፣ ልጃችን በድላዎታለች» አሉ አባ ጥሩነህ፣ ከድንጋዩ ሥር። «በደሏን አናውቀውም፤ ብናውቀውም አንከራከርም። ስለ እግዚአብሔር ይማሯት፤ ደግሞም የምጥ እናቶች አሉብን።»

አቶ ልሳነወርቅ ከመስኮቱ አጮልቆ አየ፤ እውነተኛ ግራ መጋባት በፊቱ ላይ ታየ። «አባት፣ ይነሡ እንጂ! እኔ ማንንም አልተቀየምኩም። ልጅቷን ጭራሽ አላውቃትም። ፍራሹን ብቻ ታምጣ።»

ይህን ሲል አባ ጥሩነህ ድንጋዩን ከማጅራታቸው አወረዱ። አያቴ የመብረቅ ድምፅ ሰምቻለሁ ይለኝ ነበር፤ እኔ ግን ያ ድንጋይ መሬት ሲነካ የሰማሁትን ያህል አልሰማሁም፤ ሦስት ሕንፃ ተንቀጠቀጠ፣ ትኋኖቹም ከነዲግሪያቸው ተሰደዱ። «አልተቀየምክም?» አሉ፣ አንቱታውን ከድንጋዩ ጋራ ጥለው። «ሳትቀየም ነው?» ሽማግሌ በሕይወቱ ሙሉ ደም ሲያደርቅ ኖሮ፣ የሚታረቅ ሰው የሌለበት በደል ሲገጥመው ያን ጊዜ አየሁ። እኔም «እነሆ ፍራሽ!» ብዬ የእትዬ ደብሬን የጭድ ፍራሽ ዘረጋሁለት። «ቁጥሩ የታለ?» አለኝ። «ከሰል አምጣ፣ እጽፍልሃለሁ፤ ከፈለግህ ዘጠኝ መቶም አደርግልሃለሁ» አልሁት። «የመንግሥት ንብረት ቀልድ አይደለም» አለ።

«እስቲ አንድ ነገር አስረዳኝ» አሉ አባ ጥሩነህ፣ ድምፃቸውን በግድ አለስልሰው። «ልጅቷ ፍራሹን ሳትቀበል አስቀድማ የፈረመችው በማን ትእዛዝ ነው?»

አቶ ልሳነወርቅ ቀና አለ፤ ስለ ሥርዓቱ ሲጠየቅ ደስ ይለዋልና፣ ፊቱ እንደ ሙሽራ በራ። «የቤቱ አሠራር ነው፣ አባት። ፊርማ ይቀድማል፣ ፍራሽ ይከተላል። ለአራት ሺህ ሰው አንድ በአንድ እየሰጠን ብናስፈርም ዓመቱ ባለቀብን ነበር። እዚህ ቤት የፈረመ ሁሉ እንደ ተቀበለ ይቆጠራል፤ ይህን ሕግ ማንም መሻር አይችልም፣ እኔም ብሆን።» ይህንም ለእኛ ብቻ አልተናገረም፤ ሰልፉ ሁሉ እንዲማርበት ጮክ ብሎ ተናገረው።

አንባቢ ሆይ፣ ፊርማው በዚያችው ሰዓት ተፈረመ። አንጓችም ሰኞ ጠዋት በወረዳው ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ዲግሪዋን አኖረች፤ ዛሬ አረንጓዴው በር ክፍት ነው፤ በዚያ የጭድ ፍራሽ ላይም እስካሁን ዐሥራ አንድ ሕፃናት ተወልደዋል፤ ሁሉም ሲወለዱ አስነጠሱ። ነገር ግን አቶ ልሳነወርቅን ብዕር ያስጨበጠው የሽማግሎቹ ድንጋይ አይደለም፤ የእኔም ምላስ አይደለም። ያስጨበጠው ከሰልፉ ራስ ተነሥቶ የካፌውን ማእዘን የዞረው፣ አራት ዓመት በነገ የታፈነ የተማሪ ሁሉ ሳቅና እርሱን ተከትሎ «ይፈርም! ይፈርም!» እያለ መስኮቱን ያንኳኳው ቁጣ ነው። ያን ሳቅና ያን ቁጣ በአንድ ክብሪት የለኰሱትም እትዬ ደብሬ ናቸው፤ ከረቡዕ ጀምሮ አንዲት ቃል ያልተነፈሱት ሴት፣ የሹሙን ሕግ እስከ መጨረሻው በጥሞና አዳምጠው፣ የልጃቸውን ወረቀት ከእጇ ወሰዱና በመስኮቱ ውስጥ በፊቱ ዘርግተው፣ ማንም ሳያስበው እንዲህ ብለው አፈነዱት፦

«እሰይ የኔ ልጅ! እንግዲያማ ምን አስጨነቀህ? አንተም እንደ ልጄ በቅድሚያ ፈርም፤ ፍራሹን ነገ ትቀበላለህ!»