የሦስት ኪሎ ተኩል በሽተኛ

አባትየው ድመቱን በወጥ ቤቱ ሚዛን መዝነው፣ ክብደቱን ወረቀት ላይ ጽፈው፣ ጭንቅላቱና የታመመው እግሩ ብቻ እስኪቀሩ በፎጣ ጠቅልለውታል። አርባ ዓመት ፋርማሲ ውስጥ የቆሙ ሰው ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ በኋላ ሰፈሩ «ዶክተር» ሲላቸው አንድም ቀን አላረሙትም። እምነታቸው አጭር ነው፦ መድኃኒት መድኃኒት ነው፣ ልዩነቱ ሚዛኑ ላይ ነው። ስለዚህ ለሦስት ኪሎ ተኩል ሕፃን የሚሆነውን የፓራሲታሞል ሽሮፕ ጠብታ ሳያዛንፉ አስልተው፣ መርፌ በሌለው ስሪንጅ ቀድተው፣ ድመቱን አፉን እንዲከፍት በትሕትና እየለመኑት ነበር።

ትንሿ ልጃቸው ለምሳ ስትገባ የደረሰችው እዚህ ላይ ነው። እሷ የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ ካርድ ታወጣለች፣ የእንስሳቱን ማደሪያ ታጥባለች። ታላቅ ወንድሟ «የድመት ነርስ» ይላታል። ፋርማሲ ለመማር ውጤቷ ስላልበቃ፣ በዚህ ቤት ስለ መድኃኒት አፍ የላትም። ድመቱ ግን የእሷ ነው። ጠዋት ትታው ስትወጣ ደህና ነበር፤ አሁን ትናንት ከጎረቤት ድመት ጋር ሲቧጨቅ የተነከሰው እግሩ እንደ ሎሚ አብጦ፣ ጆሮው በትኩሳት ይፋጃል።

ቦርሳዋን ሳታወርድ ስሪንጁ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ጠየቀች። ወንድሟ በኩራት ነገራት። እናቷም አባባ ከረፋዱ ጀምሮ ሲያሰሉለት እንደቆዩ አከሉበት፣ ታመሰግን እንደሆነ ብለው።

ልጅቷ ባለፈው ወር አንዲት ሴትዮ አቅፋ ያመጣችው ድመት ፊቷ ላይ ድቅን አለባት። ሴትየዋ ያዋጠችው ግማሽ የፓራሲታሞል ክኒን ብቻ ነበር፣ ሕመሙ እንዲቀለው። ድዱ ቡናማ ሆኖ፣ ፊቱ አብጦ፣ አየር እየሳበ አየር አጥቶ ሞተ። ካርዱን የዘጋችው ልጅቷ ራሷ ነበረች።

መዳፏን በስሪንጁና በድመቱ አፍ መካከል አስገባች።

«አይሰጡትም» አለች።

እዚህ ቤት አባባ የቀዱት መድኃኒት ተመልሶ አያውቅም፤ እናቷ እንኳ የሚያቅለሸልሻቸውን ቫይታሚን ሃያ ዓመት በፈገግታ ውጠዋል። ወንድሟ ለአይጥ ሞቷ የድመት አፍንጫ ማሽተቷ ብሎ በሹክሹክታ አስጠነቀቃት።

አባትየው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። «አርባ ዓመት ሙሉ አንዲት ነጥብ ስቼ አላውቅም።»

«ስሌቱማ ልክ ነው አባባ። የሳቱት በሽተኛውን ነው። ድመት ትንሽ ሰው አይደለም። ጉበቱ ይህን መድኃኒት አይችለውም፤ ደሙን ያበላሸዋል፣ ይገድለዋል።»

«ደግሞ የበሬ ሐኪም ሊያስተምረኝ ነው?»

«የበሬም ቢሆን ይሻላል። ቢያንስ በሬን ሰው ነው አይልም።»

እናቷ ሳቃቸውን በነጠላቸው አፈኑ። ያ ሳቅ ነገሩን አባሰው። አባትየው ወይ እጇን እንድታነሳ፣ ወይ ድመቱን ይዛ ከቤታቸው እንድትወጣላቸው አዘዙ። ምሳዋ ገና ጠረጴዛ ላይ ስለሆነ የትም አትሄድም ብለው ነው።

ልጅቷ ዓይኗን በጨው ታጥባ፣ ስሪንጁን ከእጃቸው ወስዳ፣ አርባ ዓመት የተካኑበትን ስሌት የዕቃ ማጠቢያው ውስጥ ደፋችው። ከዚያ ድመቱን ከነፎጣው አቅፋ፣ ቦርሳዋን እንዳነገተች ወጣች።

ክሊኒኩ ውስጥ ሐኪሙ እብጠቱን ከፍቶ መግሉን አጠበ፣ ለድመት የተሠራ መርፌም ወጋው። ድመቱ ሐኪሙን ለመቧጨር ሲቃጣ ሁለቱም እፎይ አሉ፤ መትረፉ ነው።

ስልኳ ጮኸ። አባቷ ናቸው። ስለ ድመቱ አንድም ቃል አልተነፈሱም፤ የጠየቁት የተወጋው መድኃኒት ምን እንደሚባልና ለአንድ ኪሎ ስንት እንደሆነ ብቻ ነው።

«አልነግርዎትም።»

«ለምን?»

«ነገ ገዝተው ለሰፈሩ ድመት ሁሉ ያድላሉ። ማወቅ ከፈለጉ እዚህ መጥተው፣ ተሰልፈው፣ ሐኪሙን ይጠይቁ።»

አባትየው ደህና ዋይ ሳይሉ ዘጉት።

ልጅቷ የድመቱን ካርድ ሳበች። «ቤት ውስጥ መድኃኒት የሚሰጠው» በሚለው ፊት የራሷን ስም ጻፈች። ክፍት ቦታው የሚበቃው ለአንድ ስም ነበር፤ እሷ ግን ጠርዙ ላይ አጣብባ ጨመረችበት፦ ሌላ ማንም እጁን እንዳያስገባ፣ ፋርማሲስትም ቢሆን።