እንፋሎትና ግትሩ ሽማግሌ

አርባ ዓመት ላውንደሪ ቤት ልብስ ስተኩስ ኖሬያለሁ። ስለ እንፋሎት ማንም እንዲያስተምረኝ አልፈልግም። የሰባት ዓመቷ የልጅ ልጄ ግን ልታስተምረኝ ተነሳች።

«ከማንቆርቆሪያው የሚወጣው ነጩ ነገር እንፋሎት አይደለም» አለችኝ። «እንፋሎት አይታይም። አፉ ጋ ባዶ የሚመስለውን ቦታ አየህ? እሱ ነው። ነጩማ ቀዝቅዞ ጠብታ የሆነው ነው።»

ጠጋ ብዬ አየሁ። እውነትም ከአፉ እስከ ነጩ አንድ ጣት የምታህል ክፍተት አለች። አርባ ዓመት ሙሉ ሳላያት! ተናደድኩ እንጂ አላመሰገንኳትም።

የኩሽናው መስኮት አልቦት ነበር። በጣቷ ድመት ሳለችበት። ሲደርቅ ድመቷ ጠፋች።

«አልጠፋችም አባባ፤ የጣቴ ወዝ መስታወቱ ላይ አለ። እንፋሎት ሲመጣ ትመለሳለች።»

«የጠፋ ጠፋ ነው! አትቀባጥሪ!» ብዬ ጮህኩባት። ጩኸቱ ለድመቷ አልነበረም። በማግስቱ ከእናቷ ጋር ሌላ ከተማ ለመኖር ሊሄዱ ነበር፤ «ትመለሳለች» የሚል ቃል መስማት አልቻልኩም።

ጠዋት ሻንጣው ሲጫን ከኩሽና ዘግይታ ወጣች። ሳትስመኝ መኪናው ውስጥ ገባች።

«አባዬ፣ ልጅ ናት፤ ትረሳዋለች» አለችኝ ልጄ።

የገደለኝ እሱ ነው፤ ትረሳዋለች ማለቷ።

ንዴቴን በምን ልወጣው? ጋዜጣ ጨምድጄ መስኮቱን ፈተግኩት። እድፍ አይቼ ማለፍ አልችልም፤ የሙያ አመል ነው። ወገቤ አልታጠፍ ስላለኝ የታችኛውን ተውኩት።

ሦስት ሳምንት ድምጿን አልሰማሁም። እናቷ ስትደውል «የታለች?» እላለሁ፤ «እየተጫወተች ነው» ትለኛለች። ቤቱ ጭር ብሏል። ከራሴ ጋር መጨቃጨቅ ጀምሬያለሁ፣ ያውም እየተሸነፍኩ።

ትናንት ውሃ ጥጄ ረሳሁት። ስመለስ ኩሽናው በእንፋሎት ታፍኗል። ምድጃውን አጥፍቼ ዞር ስል ማንኪያ ወደቀብኝ። ማንኪያዋን ላነሳ ወንበር ተደግፌ ወለሉ ላይ ዘፍ አልኩ።

መስኮቱ ታች፣ በልጅቷ ደረት ልክ፣ ላቡ መሃል ፊደል ብቅ ብሏል፦ «አባባ አየህ አይደል?»

አለቀስኩ፤ ምን ይደበቃል። ከሥሩ በጣቴ «አየሁ» ብዬ ጻፍኩ። ቆይቶ መስኮቱ ደረቀና ሁለቱም ጠፉ።

እዚያው እንደተቀመጥኩ ለእናቷ ደወልኩ።

«እሷን አገናኚኝ።»

«አባዬ፣ እየተጫወተች…»

«አባባ ተሸነፈልሽ በያት። ሮጣ ትመጣለች።»